አባቴ ከጫሞ ያመጣቸው የቅሬታ ቃላት

ባለፈው የካቲት ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ አዘጋጆቹ በጀልባ ሊያንሸራሽሩን ጫሞ ሐይቅ ዳር ወሰዱን። ባልደረቦቼ ስለ አዞ እየተጨዋወቱ፣ ስልካቸውን ለፎቶ እያዘጋጁ ወረዱ። እኔ የመኪናውን በር እንደያዝኩ ቀረሁ። ነፋሱ ሽታ ይዞ መጣ፤ ቤንዚን፣ የረጠበ ደንገል፣ የዓሣ ቅርፊት። ለየብቻቸው ቢሆኑ ምንም አይሉኝም ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የአባቴ ሸሚዝ ናቸው። እናቴ በሳሙና ብታሸው፣ በሎሚ ብትዘፈዝፈው ያ ሽታ አይለቅም ነበር።

ጀልባው ላይ አልወጣሁም። ራሴን አመመኝ ብዬ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ባልደረቦቼ እስኪመለሱ ድረስ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩበትን ዓመት ሳስብ ቆየሁ።

አባቴ ጳውሎስ ጫሞ ላይ ጎብኚዎችን የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባዋ የማኅበሩ ናት። እሱ ግን ከእኛ ጉንፋን ይልቅ የእሷ ሞተር ሳል ያስጨንቀው ነበር። ተወልዶ ያደገው ከከተማው በላይ ባለው የጋሞ ደጋ ነው። አማርኛን የለመደው ጎልምሶ፣ ከተማ ወርዶ ስለሆነ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርገው ነበር። «ሴትዮዋ መጥቶ ነበር» ይላል። እንግሊዝኛው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ክሮኮዳይል፣ ሂፖ፣ ስሎው፣ ሲት ዳውን። ለዓመታት ከዚያ በላይ አስፈልጎት አያውቅም።

በዚያ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ማኅበሩ አዲስ አስተባባሪ አመጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው አሸዋ እንዳይነካው ጠርዝ ጠርዙን የሚረግጥ። ነጂዎቹን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ጎብኚ ቅር ብሎት የወረደበት ነጂ፣ እሱም ከጀልባ ይወርዳል» አላቸው።

አባቴ ያን ዕለት እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

«ሰው ሲከፋው ፊቱ ይጠቁራል» አለ ለእናቴ። «ፈረንጅ ግን ሲከፋውም ይስቃል። በምን ልወቅ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለችው እናቴ። ለሁሉም ነገር የምትሰጠው መልስ ነበር።

እግዚአብሔር ማወቁ ለአባቴ አልበቃውም። ጎብኚዎቹ ከጀልባ ሲወርዱ እርስ በርሳቸው የሚባባሉትን ጆሮውን አቁሞ መስማት ጀመረ። ብዙው ያመልጠዋል። አንዲት ቃል ከያዘ ግን አፉ ውስጥ አስቀምጦ ይመጣል። ከሐይቁ እስከ ሰፈራችን ሲቀላ ድረስ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ቃሉ እንዳይጠፋበት ማንንም አያናግርም ነበር አሉ። በር ላይ ሲደርስም ሰላም ሳይለን ይጠራኛል።

«ማርታ! ዲሳፖይን። ዲሳፖይን ነው ያለው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሴትዮዋ ነዋ! ለባሉ ነው ያለው። ከንፈሩን እንዲህ አድርጎ።» ከንፈሩን ወደ ታች ጎትቶ አሳየኝ። «ምን ማለት ነው?»

እኔ ምን አውቄ! የእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ገና «ማይ ፋሚሊ» ላይ ነበር። እናቴ ቆሮሶ ዓሣ እየጠበሰች «ቲቸር ምትኩን ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ቲቸር ምትኩ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው እንግሊዝኛ ለማስተማር አርባ ምንጭ ተመድበው መጡ፤ በዚያው ቀሩ። የከተማው ሹም፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው ይባል ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል። እንደ ምድጃ በሚያጋየው የአርባ ምንጭ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ጢማቸውን በየቀኑ ተላጭተው፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣሉ። አባቴ እሳቸውን ሲያይ ያለችውም አማርኛ ትጠፋበታለች። ባርኔጣውን ያነሣል፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በቃ። ዓመታት ጎረቤት ሆነው ከዚህ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም።

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሄድኩ። ቲቸር ራዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አንዲት ፈረንጅ።»

«በምን ምክንያት?»

«አዞ ፈልጋ አዞዎቹ ውኃ ውስጥ ገቡ።»

«እህ። ዲስአፖይንትድ ነው እንግዲህ። ዲሳፖይን አይደለም፤ መጨረሻውን አትብዪው።» ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። «ይህ ቃል ለማንም አይሆንም። መጀመሪያ መጠበቅ አለብሽ። የጠበቅሽው ሲቀር ነው ዲስአፖይንትድ የምትሆኚው። ለምሳሌ አንድ ልጅ አባቱን ‹ለገና እመጣለሁ› አለው። ገና መጣ። ልጁ አልመጣም። አባትየው ምንድነው?»

«ዲስአፖይንትድ!»

«ጎበዝ።»

ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። ቁጭ ብሎ አሰበበት።

«እንግዲያው አዞ ነው ያጠፋው። እኔ አይደለሁም።»

«አዎ።»

«ግን ቅር ብሎታል።»

«አዎ።»

ከተቀመጠበት ተነሥቶ እግሩን ታጠበ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

ከዚያ ወዲያ ቃላቱ በየጊዜው መጡ። አኖይድ መጣ፤ ሞተሯ ሁለቴ እንቢ ባለች ቀን። ፍራስትሬትድ መጣ፤ አንድ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ ወፎቹ ሁሉ ጀርባቸውን በሰጡት ቀን። ቲቸር ምትኩ እያንዳንዱን ሰውነታቸው ላይ ቦታ ሰጡት። «ዲስፕሊዝድ ጉልበት ላይ ነው» ይላሉ። «ይነካሻል፤ ግን ትሄጂበታለሽ። ዲስሳቲስፋይድ ሆድ ላይ ነው። በልተሽ አለመጥገብ ነው። ፍራስትሬትድ እጅ ላይ ነው፤ ልትሠሪ ፈልገሽ ሲያስሩሽ።» ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው በመዳፋቸው ጉሮሯቸውን ቆረጡ። «ፌድ አፕ እዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ ቦታ የለም።»

ምሳሌያቸው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነበር። ለገና እመጣለሁ ብሎ የቀረው ልጅ ለጥምቀትም ቀረ። ስልክ እደውላለሁ ብሎ አልደወለም። «ቤቱን ሽጠህ እኔ ጋ አዲስ አበባ ና» ብሎ፣ አባትየው ዕቃውን መሸከፍ ሲጀምር «ቆይ እስኪ ትንሽ» አለው። አባትየውም አንዴ ዲስአፖይንትድ፣ አንዴ ፍራስትሬትድ፣ አንዴ ፌድ አፕ ይሆናል። እኔ ልጁን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ልጅ አድርጌው ነበር። መጽሐፋችን ውስጥ ኳስ ከሚጫወተው ጆን ጋር አንድ ላይ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ቲቸር፣ በሌላ ምሳሌ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው ማንጎው ላይ አደረጉ። «ሌላ አላውቅም» አሉ።

አባቴን በጣም ያስጨነቀው ቃል ግን ኖት ባድ ነው። ባድን ያውቀዋል። ራሱን ይዞ ገባ። «ባድ ብለውኛል። ጀልባውን ባድ ብለውታል» አለ። እኔ እስክመለስ ድረስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቲቸር ግን ስቀው «ኖት ባድ ማለት ደህና ነው ማለት ነው» አሉኝ። ይህን ስነግረው አባቴ ተቆጣ።

«ደህና ከሆነ ለምን ደህና አይልም? ባድ ውስጥ ምን አገባው?»

እናቴ እነዚህ ቃላት ቤቷ መግባታቸውን አልወደደችውም። የእናቴ ጸሎት ቤት ማጉረምረምን አጥብቆ ያወግዛል። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ባጉረመረሙ ጊዜ ምን እንደደረሰባቸው በየእሑዱ እንሰማ ነበር። ዓሣው ባይሸጥላት ተመስገን ነው። ጣሪያው ቢያፈስም ተመስገን። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ትንሹ ወንድሜ በወባ ሲሞትብንም ተመስገን ብላለች፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስትሠራ ሁሌ ትዘምራለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ መዝሙሩ ቢያልቅባትም ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች።

«የማጉረምረም ቃል በእንግሊዝኛም ቢሆን ማጉረምረም ነው» አለችን አንድ ማታ፣ ለእራት የሽፈራውን ቅጠል ከዘንጉ እየለየች። «ይሄ ሁሉ ቃል ለምን አስፈለጋቸው? ስንት ቦታ ነው የሚከፋቸው?»

እኔም የገረመኝ እሱ ነበር። እኛ ከፋኝ አለን፣ ቅር አለኝ አለን፤ ፈረንጆቹ ግን ለእያንዳንዷ መከፋት ስም አውጥተዋል። ሀብታም ስለሆኑ መከፋታቸውም ብዙ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ምትኩ ማንም ያላመጣውን ቃል፣ ትርጉሙን ሳይነግሩኝ፣ ከራሳቸው ነገሩኝ። ዲስኮንቴንት። ኮንቴንት የሚለውን አላውቀውም፤ ቴንትን ግን አውቀዋለሁ፣ ድንኳን ነው። ዲስ ደግሞ የሌለው ማለት እንደሆነ አስተምረውኛል። ስለዚህ ዲስኮንቴንት ድንኳን ያልተተከለለት ሰው መሰለኝ። ለትንሹ ወንድሜ ድንኳን አልተተከለም ነበር፤ ሕፃን ስለሆነ ቶሎ ቀበሩት፣ ሰው ቶሎ ተበተነ። ማታ እናቴን ዓሣ ስታጥብ አየኋትና «እማ፣ አንቺ ዲስኮንቴንት ነሽ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

ነገርኳት። ቢላዋውን ውኃው ውስጥ ለቀቀችው። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ዓሣውን እኔ አጥቤ ጨረስኩ።

የነፋሱ ቀን ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን ምሳ የማደርሰው እኔ ነኝ። የበቆሎና የሽፈራው ኩርኩፋውን በሳህን ቋጥሬ ሐይቁ ዳር ስደርስ ከምሳ ሰዓት አልፏል። ጫሞ ጠዋት እንደ ሳፋ ውኃ ዝም ይላል፤ ከሰዓት ግን ነፋስ ይነሣበታል። ነጂዎቹ ሁሉ ጎብኚ የሚወስዱት ጠዋት የሆነው ለዚህ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ አስጎብኚ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆችን፣ ባልና ሚስት፣ አርፍዶ አምጥቶ፣ አስተባባሪውም «ውሰዳቸው» ብሎ አባቴ ይዟቸው ገብቷል።

ዳር ቆሜ አየሁ። ውኃው ቡናማ ሆኖ ተነሥቷል፤ ጫፉ ይነጣል። ጀልባዋ አዞዎቹ ወዳሉበት ግማሽ መንገድ ሳትደርስ አፍንጫዋን አዙራ ተመለሰች። አባቴ በወጣትነቱ ዓሣ አጥማጅ በነበረ ጊዜ በከሰዓት ነፋስ ጓደኛው ሲሰምጥ አይቷል። ስለዚያ ቀን አያወራም። ሰማዩን አይቶ ከተመለሰ ግን ማንም አያስገባውም።

ሲወርዱ ሚስትየዋ እስከ ጉልበቷ ርሳለች። ባልየው ረጅም ነው፣ ቆዳው ቀልቷል። ለአስጎብኚው ብዙ ተናገረ። እኔ የተማርኳቸውን ቃላት በሙሉ ጆሮዬ ላይ ደርድሬ ጠበቅሁ፤ አንድም አልያዝኩም። ከአፉ የሚወጣው ነገር ቃል ቃል ሆኖ አይለይም፣ እንደ ኩልፎ ወንዝ ዝም ብሎ ይፈሳል። ሲጨርስ ወደ አባቴ ዞሮ ፈገግ አለ። አባቴም ፈገግ አለ።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ።

«አልሰማሁም።»

አስጎብኚው አስተባባሪውን ወደ ጎን ወሰደው። ሰዎቹን አርፍዶ ማምጣቱን አልነገረውም። «ነጂው ፈርቶ መለሳቸው። ብዙ ርቀት መጥተው ምንም ሳያዩ ቀሩ፤ በጣም ነው ቅር ያላቸው» ሲል ሰማሁት። ይህ በአማርኛ ስለነበር ሁሉም ገባኝ።

አስተባባሪው እጁን ዘረጋ። «ጳውሎስ፣ ቁልፉን።»

አባቴ የሞተሩን ቁልፍ ከአንገቱ አወለቀ። በጫማ ማሰሪያ አንጠልጥሎት ነበር የሚውለው።

«ነፋስ ነበር» አለ። «ጌታዬ፣ ነፋስ ነበር።»

«ነገርኳችሁ እኮ» አለው አስተባባሪው፤ ዓይኑን ግን ውኃው ላይ አድርጎ ነበር።

በእግራችን ተመለስን። ኩርኩፋው እንደተቋጠረ ነው። ቤት ስንደርስ እናቴ የሆነውን ሰምታ «ተመስገን፣ ማንም አልሰመጠም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስትሠራ መዝሙሩ ቀረ። አፏ ተመስገን ይላል፤ ምጣዱ ላይ ያለው ዘይት ሲንጣጣ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቤታችን ያን ያህል ጸጥ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ከጸሎት ቤት እንደተመለስን ቲቸር ምትኩ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ፈረንጆቹ ሄደዋል?»

«አባዬ እስከ ማክሰኞ ሴቻ ነው የሚቆዩት ብሎ ሰምቷል። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሆቴል።»

«አባትሽን ባርኔጣውን አድርጎ ይምጣ በዪው። ሰውየው ራሱ ለአስተባባሪው ቃሉን ቢሰጥ ነገሩ ያልቃል። እኔ አስረዳዋለሁ።»

ለበዓል እንደሚለብስ ልጅ ችኮላ ያዛቸው፤ ከረባት አሰሩ፣ ጫማቸውን ጠረጉ። ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጣበን ወደ ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ ቲቸር የሚናገሩትን በሹክሹክታ ይለማመዱ ነበር። ዊንድ፣ ዴንጀር፣ ሴፍቲ የሚሉትን ያዝኩ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ አፋቸውን ያይ ነበር። ያን ያህል ተማምኖ ሰው ሲያይ አይቼው አላውቅም።

ባልና ሚስቱ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆነው ሁለቱን ሐይቆችና በመካከላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ ያዩ ነበር። ዘበኛው ቲቸርን አውቆ፣ ተማሪያቸው ነበርና፣ አስገባን። ቲቸር ምትኩ ፊታቸው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚቆሙት፣ መናገር ጀመሩ። እንዴት ያለ እንግሊዝኛ! እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ፣ ተጠርቦ፣ ከበስተኋላው ካለው ጋር ሳይነካካ ይወጣል። እኔ እንኳ ብዙው ገባኝ።

ሽማግሌው ጆሮውን አስጠጋ። «ሶሪ?» አለ።

ሶሪን አውቃለሁ። ይቅርታ ነው። የአባቴን እጅ ጨመቅሁ።

ቲቸር ደገሙት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሽማግሌው ሚስቱን አየ፣ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሶሪ?» አለ እንደገና። ከዚያ እንደ ወንዝ የሚፈሰውን ነገሩን ረዘም አድርጎ ተናገረ። አሁን ቲቸር ጆሯቸውን አስጠጉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። «ፓርደን?» አሉ። ሰውየው ቀስ ብሎ ደገመው። «ፓርደን?» አሉ ቲቸር።

«ምን እያለ ነው?» አለኝ አባቴ።

«ይቅርታ እየጠየቀ ነው፣ አባዬ። ደጋግሞ።»

የአባቴ ፊት በራ። ወደፊት ራመድ ብሎ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ አለ። ሰውየው ሳቀ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሚስትየዋ ቦርሳዋን ከፍታ ፈለገች፣ ፈለገችና አንድ ሰማያዊ ስክሪፕቶ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ጉንጬንም ነካችኝ። ቲቸር ምትኩ ስክሪፕቶውን አዩት። የአባቴን ጎንበስ ያለ ጀርባም አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የመጣላቸው ግን «ታንክ ዩ» ብቻ ነበር።

«እንሂድ» አሉን።

ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ አላስቻለኝም።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ጠየቀ አይደል?»

አባቴ ዞሮ ጠበቃቸው። ቲቸር ከረባታቸውን ፈትተው ጠቀለሉ።

«አዎ» አሉ። «ጠይቋል።»

ሰኞ አባቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሐይቁ ዳር ወረደ። አስተባባሪው ሳይጠራው ዋለ። ማክሰኞም ወረደ። የፈረንጆቹ መኪና ሄደ። እሱ ግን ሌላ ሰው የሚነዳትን ጀልባ እያየ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር፤ ቅዳሜ ምሳውን ሳደርስለት አየሁት። ሳምንቱ ሲያልቅ በጠዋት ተነሥቶ መንገዱን ለወጠ። ኩልፎ ዳር ካሉት የሙዝ እርሻዎች በአንዱ ቦይ ጠራጊና ሙዝ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። ማታ ሲመለስ ሸሚዙ በሙዝ ወተት ጠቁሯል። ሸሚዙን አሸተትኩት፤ የማላውቀው ሰው ሸሚዝ ነበር። ቃል ይዞ መምጣቱም ቀረ። እርሻው ላይ የሚናገሩት ሁሉ ይገባዋል፤ ማንም ግን ብዙ አይናገረውም።

በአጥሩ ቀዳዳ ሄጄ ቲቸርን ባገኛቸው ራዲዮው ጮኾ ያነበንባል፣ እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠዋል። «ዛሬ ትምህርት የለም» ይሉኛል። አንድ ቀን ቃል ይዤ ሳይሆን በጥያቄ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ከጠየቀ አባዬን ለምን አልመለሱትም?»

ራዲዮውን ዘጉት።

«ሶሪ ማለት» አሉ፣ «አልሰማሁህም ማለትም ነው። ድገምልኝ ማለት ነው።»

እዚያው ቆሜ የሆቴሉን በረንዳ እንደገና አየሁት። ሽማግሌው ጆሮውን ሲያስጠጋ። ቲቸር ሲደግሙ። ስክሪፕቶው።

«ፈረንጅ አነጋግሬ አላውቅም ነበር» አሉ ቲቸር፣ ለእኔ ሳይሆን። «ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ... እንግሊዝኛን ከሐበሻ ጋር ብቻ ነው ያወራሁት።»

ያን ጊዜ ነው ልጃቸውም የመጽሐፍ ልጅ አለመሆኑ የገባኝ። እንዴት እንደገባኝ አላውቅም። ኮታቸውን አየሁት፤ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ቤታቸው ውስጥ በተከፈተው በር በኩል በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች ይታያሉ፤ ላያቸው ላይ አቧራ ተኝቷል። ሾልኬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በልግ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። ቲቸር ምትኩ ነበሩ። በአጥሩ በኩል ሳይሆን ዞረው በዋናው በር ነው የመጡት። ቤታችን ገብተው አያውቁም። ኮት አልለበሱም፤ በሸሚዝ ብቻ ሲሆኑ ትንሽ ሰው ናቸው። እናቴ ወንበር ስትጠርግ አባቴ እግሩን እየታጠበ ነበር፤ እርጥብ እግሩን ይዞ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይግቡ።»

«አቶ ጳውሎስ» አሉ ቲቸር። አቶ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። አልተቀመጡም። «ያ ሰውዬ ይቅርታ አልጠየቀህም። እኔ ያልኩትን አልሰማኝም፤ እኔም ያለውን አልሰማሁትም። ልጅህ ስትጠይቀኝ አፍሬ ነው አዎ ያልኩት። አንተም በዚያ አምነህ ሐይቅ ዳር ስትመላለስ በአጥሩ እያየሁ ዝም አልኩ።»

አባቴ እግሩን አየ። ከእግሩ የሚንጠባጠበው ውኃ በአፈሩ ወለል ላይ ጭቃ እየሠራ ነበር።

«ማክሰኞ ዕለት ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለ። «ሰውየው በመኪና ሲያልፍ አየኝ። እጁን አውለበለበልኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህብኝም?»

«ከረባት አስረው ሄደዋል እኮ» አለ አባቴ። «ለእኔ ብሎ ከረባት ያሰረ ሰው የለም።»

ተቀመጡ። እናቴ የተቀቀለ በቆሎ አቀረበች፤ ማንም ብዙ አልነካም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሲበረታ ማውራት አይቻልም። እናቴ አንድ ጥግ ተቀምጣ እጇን አጣምራ ነበር። ተመስገን ትላለች ብዬ ጠበቅኋት፤ አላለችም።

በመጨረሻ ቲቸር ምትኩ ቀና አሉ።

«እዚህ አገር አረጀሁ» አሉ። «ሚስቴን እዚህ ቀበርኩ። ቋንቋችሁን ግን ቃል አላውቅም። ሰላምታ እንኳ።» በቆሎውን ሳህኑ ላይ መለሱት። «በጋሞኛ ሰው ሲከፋው ምን ይላል?»

አባቴ እናቴን አየ፣ እሷ መሬቱን አየች።

«የቱ መከፋት ነው፣ ጋሼ?» አለ።

ቲቸር እጃቸውን አነሡ። ጉልበታቸው ላይ ሊያሳርፉት ነበር፣ ከዚያ ሆዳቸው ላይ፤ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ደረታቸው ላይ አረፈ። እኔን እዚያ ላይ ያለ ቃል አስተምረውኝ አያውቁም።

አባቴ ቃሉን ነገራቸው። አጭር ቃል ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋም መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

ቲቸር ምትኩ ቃሉን ደገሙት፣ ተጠንቅቀው፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይተው። ልክ አልነበረም። ላልቶ መባል ያለበትን አጥብቀውት፣ ሌላ ነገር፣ ምንም ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ወጣ።

«እንዲህ ነው?» አሉ።

«እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አላቸው አባቴ።